በአርባ ዓመት የወጣ ጉድፍ

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አጋማሽ

አመልካች፦ የአንደኛ ክፍል «ለ» መምህርት

ጉዳዩ፦ የልጆች በሽታ የያዘኝ አዋቂ መሆኔ ታውቆ «ያለ በቂ ምክንያት ጠፍታለች» የሚለው ቃል እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በጽሕፈት ቤትዎ ሥር ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል «ለ» መምህርት ነኝ። ሥራዬ ፊደል ማስቆጠር፣ አፍንጫ ማስጠረግ፣ የጠፋ ላጲስ ማፈላለግና «ቲቸር፣ እሱ ዝም ብሎ ያየኛል» በሚሉ ክሶች ላይ በዕለቱ ውሳኔ መስጠት ነው። እስከ ዛሬ ወደዚህ ቢሮ የጻፍኩት ስለ ጠመኔ ብቻ ሲሆን፣ ጠመኔው ባይመጣም አልተቀየምኩም። የዛሬው ጉዳዬ ግን ከጠመኔ ስለሚከብድ፣ ጊዜዎን እንደምሻማ እያወቅሁ እንዲታገሡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ጉድፍ ወጣብኝ። ሐኪም ከትምህርት ቤት እንድርቅ አዘዘኝ፤ ራቅሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታዋ ጠፍታለች ብሎ መዘገበኝ። እኔና ባለቤቴ አንዲት ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ አመልክተን ሁሉን ነገር ጨርሰን፣ የቀረን ከመሥሪያ ቤቴ የሚጻፍ የምስክርነት ደብዳቤ ብቻ ነው። ያ ደብዳቤ ዛሬ ቢጻፍ «ጠፍታ ነበር» የሚለውን ይዞ ይወጣል። የሕጻናት ጉዳይ ኮሚቴው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ይቀመጣል። ሥራዋን ጥላ ትጠፋለች ለተባለች ሴት ልጅ ስጡ ብሎ የሚከራከር የኮሚቴ አባል ይኖራል ብዬ አልጠብቅም፤ እኔም ብሆን አልከራከርም ነበር። ዝርዝሩን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

1. ስለ ጉድፉ አገባብ

ጉድፉ ወደ ክፍላችን የገባው በታክሲ ሾፌሩ ልጅ ግንባር ላይ ነው። አባትየው ጠዋት በር ላይ ሲያደርሰው አንዲት ቀይ ነጥብ አይቼ ጠየቅሁት። «ትንኝ ናት ቲቸር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትዘፍንበት አደረች» አለኝና መሪውን ጠምዝዞ ሄደ። ትንኟ በማግሥቱ ሆዱም ጀርባውም ላይ ዘፍና ተገኘች። ልጁን ወደ ቤቱ ሸኘነው፤ ግን የአንደኛ ክፍል ልጆች ብስኩት ሲካፈሉ እንዴት እንደሚካፈሉ ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ አንዱ ነክሶ ለሌላው ይሰጣል። በሳምንቱ ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ባዶ ሆነ። ከዚያ መካከለኛው ተከተለ።

ለእኛ ለአዋቂዎቹ ጭንቀት የሆነው ነገር ለልጆቹ ሹመት ነበር። ያልወጣባቸው እየመጡ «እኔስ መቼ ነው ተራዬ?» እያሉ ያለቅሱብኝ ጀመር። አንዷ ተራዋ የዘገየ መሰላትና በቀይ እስክሪብቶ ፊቷን ሞልታ ቤት ልትሄድ ቦርሳዋን አንግታ ጠበቀችኝ። በእስክሪብቶ የወጣ ጉድፍ በእርጥብ መሐረብ ይለቃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እርጥብ መሐረብ ከኪሴ አልተለየም። ርዕሰ መምህራችንም የድርሻቸውን ተወጥተዋል። መስኮት አስከፍተዋል፣ ዴስኮቹን አራርቀዋል፣ ለወላጆች መልእክት ልከዋል፤ ክፍሌን ሲጎበኙ ግን ከደፉ አላለፉም። በልጅነታቸው ይውጣባቸው አይውጣባቸው እርግጠኛ ስላልሆኑ ነው፤ እናታቸውን እንዳይጠይቁ ደግሞ እናታቸው በሕይወት የሉም። እውነት ለመናገር በወቅቱ ስቄባቸው ነበር።

2. ስለ ልጅቷ

ከተማሪዎቼ አንዷ ከሕጻናት ማሳደጊያ የምትመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ጉዳይዋ በኮሚቴ ስለተያዘ ስሟን እዚህ ላይ መጻፍ አይገባኝም፤ እኔና ባለቤቴ በምንጠራት ቁንጥንጥ በሚለው ስም ልጥቀሳት። ስሙ ይገልጻታል። ወንበር ላይ የምትቀመጠው አንድ እግሯን አጥፋ፣ ሌላውን አንጠልጥላ፣ ግማሽ ሰውነቷን ወደ ጎረቤቷ ደብተር አዘንብላ ነው። የእርሳስ ጫፍ ትበላለች። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠጉሬ ከተፈታ ከጀርባዬ ትነግረኛለች።

እኔና ባለቤቴ ልጅ ሳንወልድ ብዙ ቆይተናል። ስለዚህ ነገር ብዙ አላወራም፤ ጎረቤትና ዘመድ የሚበቃውን ያህል አውርቶልናል። ቁንጥንጥን እንውሰድ ያለው መጀመሪያ ባለቤቴ ነው። እሱ የጋራዥ መካኒክ ነው፤ ከሰው ጋር ከመነጋገር ከሞተር ጋር መነጋገር ይቀለዋል። አንድ ቀን ሊወስደኝ መጥቶ በር ላይ ሲጠብቅ ቁንጥንጥ የሥራ ልብሱን ግራሶ አይታ «አንተ እናትህ አትቆጣህም?» ብላ ጠየቀችው። ማታ እራት ላይ ያንኑ እየደጋገመ ሲስቅ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሳደጊያው ድረስ ሄደን እንጠይቃታለን። ባለቤቴ ማንንም ሳያማክር በራችን አጠገብ ግድግዳው ላይ ዝቅ አድርጎ የቦርሳ መስቀያ መትቷል። የእኔ ቦርሳ እዚያ ቢሰቀል መሬት ይነካል።

ቁንጥንጥም እንደ ሌሎቹ ታመመች። ከዕረፍት ስንመለስ ዴስኳ ላይ ተደፍታ፣ ዝም ብላ አገኘኋት፤ እሷ ዝም ካለች ነገር አለ። ግንባሯን ስነካው እሳት ሆኗል። የማሳደጊያው መኪና እስኪመጣ ድረስ ጉያዬ ውስጥ አድርጌያት ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህራችን ከደፉ ላይ ሆነው «ኧረ አትንኪያት፣ ይተላለፋል!» ብለውኛል፤ ለደኅንነቴ አስበው ነው፣ አልተሳሳቱምም። እኔ ግን የሚያቃጥላትን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከሩቅ ማየት አልሆነልኝም። ደግሞ ጉድፍ የልጆች ነው ብዬ አስቤ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎም ያሰበው ይህንኑ ስለሆነ በዚህ በኩል አልወቅሰውም።

3. ስለ እኔ መታመም

ከዚያ ወዲያ ጥቂት ቆይቶ ወገቤን ቆረጠመኝ፣ ራሴን ወጠረኝ፤ ድካም ነው አልኩ። አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ የ«ሸ»ን ዘሮች እየጻፍኩ ከኋላዬ ሹክሹክታው በዛ። ዞር ስል ክፍሉ በሙሉ በጣቱ ወደ አንገቴ ያመለክታል። «ቲቸር፣ አንቺም ወጣብሽ!» አሉና አጨበጨቡልኝ። እርጥቡን መሐረቤን አውጥቼ አንገቴን ባብሰው ባብሰው አልለቅ አለ።

ጤና ጣቢያ ስደርስ በሽታዬን ስለተናገርኩ የሕጻናት ክፍል በር ላይ አስቀመጡኝ። ዙሪያዬን እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ነርሷ ስሜን ጠርታ ግራ ቀኝ አየችና «ታማሚው ልጅ የታለ?» አለች። እጄን አወጣሁ። ሐኪሙም ልብሴን ገለጥ አድርጎ አይቶ ሳቁን ሊውጠው ታገለና «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለኝ። አንደኛ አልኩት፤ ሐሰት አልተናገርኩም። ከዚያ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ ጉድፍ አዋቂን ሲይዝ እንደሚብስ፣ ሳንባ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል፣ ቅርፊቱ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስም ትምህርት ቤት ዝር እንዳልል ነገረኝ፤ የጻፈልኝንም ወረቀት ባለቤቴ በዚያው ዕለት ለርዕሰ መምህራችን አደረሰ። ርዕሰ መምህራችንም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አስተላልፈውታል።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ አንድ ነገር ባልናገር ትቀየመኛለች። እናቴ በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ጉድፍ በገባ ቁጥር እኔን በር ዘግታ ያሳደገች ሴት ናት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲያክ እኔ በመስኮት አይ ነበር። ፊቴ ያለ አንዳች ጠባሳ መቅረቱ እስከ ዛሬ ከሰው ጋር ስትጫወት የምትኮራበት ነገር ነው። መታመሜን ስትሰማ እየተበሳጨች መጣች። «ያን ያህል ጠብቄ ያሳደግሁትን ፊት!» አለች ገና ጫማዋን ሳታወልቅ። ጥፍሬን ከሥሩ ቆረጠችው፤ እጆቼ ላይ የባለቤቴን ካልሲ አጠለቀችብኝ። በአርባ ዓመቴ ካልሲ በእጄ አጥልቄ፣ እናቴ በማንኪያ ሾርባ ስታጎርሰኝ ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «ይቺን ደግሞ ማን ይሆን በጉዲፈቻ የሚወስዳት?» ይል ነበር። ስስቅ አፌ ውስጥ ያለው ቁስል ስለሚያመኝ እንዳያስቀኝ ለመንኩት።

ሕመሙ ቀልድ አልነበረም። ትኩሳቱ ሲነሣ የት እንዳለሁ የማላውቅበት ጊዜ ነበር፤ ውሃ መዋጥ አቅቶኛል። በእነዚያ ቅዳሜዎች ማሳደጊያው የሄደው ባለቤቴ ብቻውን ነው፤ እሱ በልጅነቱ ወጥቶለታል። ቁንጥንጥ ከእኔ ቀድማ ድና ወደ ክፍሏ ተመልሳ ነበር። «እንዳታኪው በላት፤ እኔ አክኬው አፍንጫዬ ላይ ጉድጓድ ሆነ» ብላ ላከችብኝ። ሌላ ሴት ለልጇ መልኳን ታወርሳለች፤ እኔ ከልጄ ጉድፍ ወርሻለሁ፤ ለእኔ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። «ልጄ» ማለቴን ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ እንደ ስሕተት ይቁጠሩልኝ።

4. ስለ ማስታወቂያውና ስለ ሲስተሙ

ቅርፊቱ ረግፎ ሐኪሙ ግቢ ሲለኝ እንደ አዲስ ተማሪ ደስ ብሎኝ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲህ የሚል ተለጥፎ ጠበቀኝ፦ «የአንደኛ ክፍል ለ መምህርት ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ገበታቸው ስለጠፉ በአስቸኳይ ቀርበው ሪፖርት እንዲያደርጉ፤ ባይቀርቡ ግን በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን እንደለቀቁ የሚቆጠር መሆኑን እናስታውቃለን።» ቀርቤ ሪፖርት አደረግሁ። ርዕሰ መምህራችን አፍረው አንገታቸውን ደፉ፤ ማስታወቂያው የመጣው ከላይ ስለሆነ ማንሣት የሚችለው የላከው ክፍል ነው አሉኝ። ሰሌዳው በመስታወት ተዘግቶ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ያለው ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛውም «እህቴ፣ አንቺን ቆመሽ እያየሁሽ ጠፍታለች የሚለውን ወረቀት መጠበቄ ለራሴም ይገርመኛል፤ ግን ያለ ደብዳቤ አልከፍትም» አለኝ።

ስለዚህ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሰው ሀብት ክፍል ሄድኩ። ጉዳዬን የያዙት ባልደረባ ትሑትና ሰው አክባሪ ናቸው። መምህራኑ አቶ ሲስተም እንላቸዋለን፤ ይህን መጻፌ እንደ ንቀት አይታይብኝ፣ እሳቸውም ያውቁታል። የሐኪሙ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። የበሽታውን ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያስገቡት፣ ኮምፒውተሩ «የሕጻናት በሽታ» ብሎ መደበውና የታመመውን ልጅ ስም ጠየቀ። ልጅ የለኝም፣ የታመምኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። «እሱማ ፊትዎ ይናገራል፤ ሲስተሙ ነው እምቢ ያለው» አሉኝ። እንደ ገባኝ ከሆነ ሠራተኛ በሕጻናት በሽታ ፈቃድ የሚያገኘው ልጁን ሲያስታምም ብቻ ነው። በሽታው ራሱን ሠራተኛውን ሊይዘው እንደሚችል ሲስተሙን የሠራው ሰው አላሰበም፤ እሱም ምናልባት እናቱ በር ዘግታ ያሳደገችው ይሆናል።

አቶ ሲስተም በቀላሉ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። «የሥራ ላይ ጉዳትስ?» አሉና ከፈቱት፤ ጉዳቱን ያደረሰው ማሽን የቱ እንደሆነ ጠየቀ። «ሐዘንስ?» አሉኝ፤ እግዜር ይመስገን የሞተብኝ የለም። ጥቂት አሰቡና በጣም ቀስ ብለው «ወሊድስ?» አሉ። መልሴን ከፊቴ አንብበው ወዲያው ይቅርታ ጠየቁኝ። በስተመጨረሻ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው «እንዲያው አንድ ልጅ እናስገባና እንገላገል። የእህትዎም፣ የጎረቤትዎም ይሁን፤ ማን ያየዋል?» አሉኝ። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ ሊረዱኝ የቻሉትን ሁሉ ሞክረዋል፤ ይህም የመጨረሻው ነበር።

አልፈልግም አልኩ። እንዲህ ያልኩት ቅድስና ሞልቶ ስለተረፈኝ አይደለም። አንደኛ፣ ለሕጻናት ጉዳይ ኮሚቴው ልጅ የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ በአንዱ ቢሮ ልጅ የለኝም፣ በሌላው አለኝ ብል ውሸታም እሆናለሁ፣ የሚያጣራ ሰውም አይጠፋም። ሁለተኛውን ምክንያት ለአቶ ሲስተም አልነገርኳቸውም። የልጅ ስም የሚጻፍበትን ያንን ባዶ ቦታ የመሙላት ምኞት እኔ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። የክትባት ቀን፣ የምዝገባ ቀን፣ ሰው ሲሞላው ከጎን ቆሜ አይቻለሁ። የእኔ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያው የምጽፈው ስም የውሸት እንዲሆን አልፈልግም። እዚያ ቢሮ ውስጥ እንባዬ መጥቶ ስለነበር ጉንፋን ነው ብዬ ወጣሁ። ሲስተሙም ባዶውን ቦታ ባዶ ሆኖ ስላገኘው «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለውን እንዳለ ተወው።

5. ስለምጠይቀው

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት፣

ሀ. የጠፋሁ መሆኔን የሚገልጸው ማስታወቂያ ከትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ እንዲነሣ በዛሬው ዕለት እንዲታዘዝልኝ፤

ለ. የቀረሁባቸው ቀናት በሕመም ፈቃድ እንዲያዙልኝ። ሲስተሙ እምቢ ካለ በእጅ ይጻፍልኝ፤ በእጅ ለመጻፍ የሚቸገር ባልደረባ ካለ ክፍሌ ክፍት ነው፤

ሐ. ለሕጻናት ጉዳይ ኮሚቴው የሚላከው ምስክርነት እንደሠራሁት እንዲጻፍልኝ። ጥሩ መምህርት ናት ተብሎ እንዲጋነን አልጠይቅም። አልጠፋችም የሚለው ብቻ ይበቃኛል፤

መ. ጉድፍ አዋቂንም እንደሚይዝ ለሚመለከታቸው ሁሉ እንዲገለጽ። ይህን የምለው ለራሴ አይደለም፤ እኔን ከእንግዲህ አይነካኝም። የስፖርት መምህራችን ግን ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ክንዱን እያከከ ነው፤ እሱም ልጅ የለውም።

ክቡር ኃላፊ፣ በተራ ቁጥር «ሀ» የጠየቅሁትን ለነገ እንዳያሳድሩብኝ የምለምንበትን ምክንያት ተናግሬ ላብቃ። መጀመሪያ ማስታወቂያው ለክብሬ ካልሆነ በቀር ያን ያህል አላሳሰበኝም ነበር። የተለጠፈበት ኮሪደር የትንንሾቹ ልጆች መግቢያ ነው፤ ትንንሾቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ረጅም ጽሑፍ አያነቡም ብዬ ነበር። ዓርብ ጠዋት ቁንጥንጥ መስታወቱ ፊት ቆማ አገኘኋት። ያለወትሮዋ ሁለት እግሯ መሬት ረግጧል። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬደች፣ ልክ እንዳስተማርኳት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «በቂ» ላይ ቆም አለች፣ «ምክንያት» ላይ ተንተባተበች፣ «ስለጠፉ» የሚለውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አይታ አለችው። እንደ አስተማሪዋ ልቤ በደስታ ዘለለ፤ እዚያው ላይ ደግሞ ያነበበችው ምን እንደሆነ ገባኝ።

ዞር ብላ አይታኝ «አንቺም ልትጠፊ ነው?» አለችኝ። ከእኔ በፊት የጠፉባት ሰዎች ስላሉ «አንቺም» አለች። ቁጭ ብዬ ፊቷ ድረስ ዝቅ አልኩና አልጠፋም፣ ይኸው እዚህ ነኝ፣ ታምሜ ነበር፣ ተሽሎኝ መጣሁ አልኳት። አመነችኝ ብዬ ልነሣ ስል ጣቷን መስታወቱ ላይ፣ ከጽሑፉ ሥር ባለው ሰማያዊ ክብ ላይ አሳረፈች። ይህች ልጅ እስከ ዛሬ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትወሰድ፣ ከሚወስዷት ሰዎች ጋር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ክብ ያለበት ወረቀት ነበር። «ማኅተም አለው እኮ» አለችኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ማኅተሙ ያለው እርስዎ ጋ ነው።

ከማይተላለፍ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የአንደኛ ክፍል «ለ» መምህርት፣ በሥራ ገበታዋ ላይ ያለች